የዘንገናዋ ዮዲት ጉዲት

ለእታለም እህተማርያም፣ ባሕር ዳር፦

የናፍቆቴን ያህል ሰላምታ ይድረስሽ። እኛ፣ ክብር ለመድኃኔዓለም፣ ሁላችንም ደኅና ነን። የአባባ ሚስት ማሪቱ ስልኬን ስለወሰደችብኝ በወረቀት ጻፍሁልሽ።

ለትምህርት ቤታችን የንባብ ክበብ ልብ ወለድ ጀምሬ ነበር። ዮዲት ጉዲት አልሞተችም፤ ዘንገና ሐይቅ ሥር ከተማ ሠርታ ትኖራለች፤ ታሪኩንም የምትነግረን ራሷ ናት። «እኔ ዮዲት ነኝ፤ አብያተ ክርስቲያናትን ያቃጠልሁ» ብላ ትጀምራለች።

ማሪቱ ደብተሩን አገኘችና ለአባባ አነበበችለት። «ይኸው፣ ሰይጣኑ ስሙን በእጇ ጻፈልን! ድሮስ አንገቷን የሚያስደፋት ማን መሰለህ?» አለችው። በማግስቱ ጠበል አመጡኝ። ዛሬ አሥራ ስድስተኛ ቀኔ ነው። የክፍሌ ልጆች ፈተና ጀምረዋል አሉ።

አጥማቂው ጀርባዬን በመቋሚያ እየመቱ «ማን ነህ? ተናገር!» ይሉኛል። «ልብ ወለድ ነው» ስላቸው ጠበልተኞቹ ሴቶች ይስቃሉ። «ይኼስ የተማረ ሰይጣን ነው!» ይላሉ። ዓርብ ዕለት በጣም ደከመኝና የደብተሬን የመጀመሪያ ገጽ በቃሌ አልሁላቸው። ሁሉም እልል አሉ። አባባ አለቀሰ። ማሪቱ «አላልኋችሁም?» አለች።

አሁን ደግሞ «መቼ ትለቂያታለሽ? ምን ብለሽ ትወጫለሽ?» እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ እኮ መጨረሻውን ገና አልጻፍሁትም። አንቺ ተረት መጨረስ ትችዪበታለሽ። ምን ብላ እንደምትወጣ አስቢልኝና በቶሎ ላኪልኝ።

በደኅና ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

ታናሽሽ ምህረት