ከደቡብ አፍሪካ ያልመጣው ዲዛይን

ሆሳዕና፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ባለቤቴ ለአቤሴሎም፦

የጌታ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። እኔና ጣቢታ ደህና ነን። ልጅህ ቁመቷ ወገቤን አልፏል፤ አንተ በስልክ የምታያት ፊቷን ብቻ ነው። ይህን በስልክ ልነግርህ ስጀምር «ደንበኛ መጣ» ብለህ ዘጋህ፤ ስለዚህ ወደ ጆሃንስበርግ በሚመለሰው በናስረዲን እጅ ልኬልሃለሁ። አንድ መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ ደጅ አይቼ እመለሳለሁ፤ መቀመጥ አቅቶኛል።

ወንድምህ ተረፈ «በረንዳውን አበላሸችው» ሳይልህ አይቀርም። ነገሩ እንዲህ ነው። ከማስተምርበት ስመለስ በባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ሥዕል እሥላለሁ። ቤት እየተሠራ ከረጢት መቼ ይጠፋል? ሰው ወይም ዛፍ አይደለም፤ ቀለም ብቻ ነው። ጣጣውን ባመጣው በዚህኛው ቀይ ክብ ከቢጫ መስመር አምልጦ ይሮጣል፣ ሰማያዊው እግሩን ዘርግቶ ያደናቅፈዋል። ስሥለው ብቻዬን ስቄያለሁ። እንዲደርቅ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

ተረፈ ለሴራሚክ ሠራተኛው ለወልደኪዳን «ዲዛይኑ ከደቡብ አፍሪካ ይመጣል» ብሎት ኖሯል። ታውቃለህ፣ እዚህ ከዚያ የመጣ ነገር ለምን አይባልም። ለፈተና ዱራሜ ሰንብቼ ስመለስ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ሥዕሌ እንዳለ በረንዳው ላይ ተነጥፏል፣ በስብርባሪ ሴራሚክ።

«የማን መስሎህ ነው?» አልኩት ወልደኪዳንን።

«የጋሽ አቤሴሎም ነዋ። ገንዘብ ሲገኝ አመል ይለወጣል ብዬ ዝም ብዬ ሠራሁ። እትዬ፣ እርስዎ በቤቱ ጉዳይ ይገባሉ ብዬ መቼ አሰብኩ?»

አልተቀየምኩትም። መስኮቱንም የበሩንም ቀለም የመረጥከው አንተ፣ ያስፈጸመው ተረፈ ነው።

አሁን ተረፈ «የቤተ ክርስቲያን ሰው ሲመጣ ምን ይለናል? ይፈንቀል» እያለ ያንተን ቃል ይጠብቃል። ጎረቤቱ አንዱ ዶሮ ነው ይላል፣ ሌላው ባጃጅ። ጣቢታ በአንድ እግሯ ትዘልበታለች። እኔ መዶሻ በሰማሁ ቁጥር ብድግ እላለሁ።

እንዲቀር እፈልጋለሁ፣ አቤሴሎም። በዚህ ቤት ውስጥ የእኔ የምለው እሱን ብቻ ነው። ካልወደድከው ግን ለተረፈ አትደውል። ሱቁን ዘግተህ ለእኔ ደውል። «አይሆንም» የሚለውን እንኳ ካንተ አፍ ሰምቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ የሚደርሰኝ በወንድምህ በኩል ነው።

እግዚአብሔር መውጣት መግባትህን ይጠብቅ።

ድምፅህን የምትጠብቅ ባለቤትህ
ማራኪ