ሦስተኛው መድፍ

ኤፕሪል 14 ቀን 1794
ዝናብ። ከጠዋት ጀምሮ የዓሣ በርሜል ስገጣጥም ዋልኩ። ገዢ የለም። መንግሥት መርከቦች ከወደብ እንዳይወጡ ካገደ ወዲህ ዓሣው ወዴት ይሄዳል? ቢሆንም እጅ ሥራ ሲፈታ ሐሳብ ይበዛል…

ከምሳ በኋላ ከፊላዴልፊያ ደብዳቤ መጣ፣ የጦር ሚኒስቴር ማኅተም ያለበት። እጄ ርጥብ ስለነበር እህቴ ሁልዳ ከፍታ አነበበችው። የእንግሊዝ መርከቦች ቢመጡ የሚመክት ምሽግ ወደባችን አፍ ላይ ይሠራል። ስምንት መድፍ ይተከልበታል። ይህን እንዲያዘጋጅ የተሾመው የመድፈኛ መኮንን… ዮታም ፔል። እኔ።

ሁልዳ እንኳን ደስ አለህ አላለችም። ደብዳቤውን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ታውቃለች።

ኤፕሪል 15
ለራሴ እንኳ ልጻፈው። አሥራ አምስት ዓመት ሆነው። በነፃነቱ ጦርነት ጊዜ እኔ የማዝዘው መድፍ ፈነዳ። ሲላስ በርንሃም ሞተ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። የሰፈሬ ልጅ።

አባቱ ኦቤድ ከእኛ ሦስተኛው ቤት ነው ያለው። መንገድ ላይ ስንገናኝ ባርኔጣ እናነሳለን። ከዚያ አልፈን አናውቅም።

እምቢ ልበል?

ኤፕሪል 17
ሁልዳን እምቢ ልል ነው አልኳት። ሾርባ እያማሰለች ነበር፣ ቀና እንኳ አላለችም።

«አንተ ከቀረህ መድፍ ሲፈነዳ አይቶ የማያውቅ ሰው ይልካሉ። እሱ ይሻላል?»

እሺ ብዬ ጻፍኩ።

ሜይ 6
ሥራ ተጀመረ። ሃምሳ ሰው፣ አካፋ፣ ግንድ፣ ጭቃ። ወገቤ ተቆረጠ።

ኦቤድ በበሬዎቹ ጋሪ ከነሥሩ የተነሳ ሣር ጭኖ መጣ፣ የአፈሩን ግንብ ለማልበስ። የት ላራግፈው አለኝ። አሳየሁት። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ረጅሙ ወሬያችን ይሄ ነው።

ሜይ 24
መድፎቹ መጡ። አራቱ ከጦርነቱ ተርፈው መጋዘን የከረሙ፣ አራቱ ከአሮጌ መርከብ የወረዱ። የከተማው ሚሊሻ አዛዥ ሻምበል ክሮስቢ ለነፃነት በዓል፣ ለጁላይ 4፣ ሊተኩስባቸው ቸኩሏል። አስቀድሞ እያንዳንዱ ይፈተን አልኩ። እጥፍ ባሩድ፣ ሁለት ጥይት፣ ሰው ሁሉ ከግንቡ ጀርባ።

ክሮስቢ ሦስተኛውን መድፍ በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገው። ይሄማ ጦርነቱን ሁሉ ሲያጓራ የኖረ ነው፣ ባሩድ ለምን ይባክናል አለ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረ።

«በርሜል ሠሪ ምን ታደርጉታላችሁ? ያየው ዕቃ ሁሉ የሚያፈስ ይመስለዋል።»

ሳቁ። እኔም ሳቅ ብዬ አለፍኩ።

ሜይ 25
ሦስተኛውን በመዶሻ መታሁት። እንደ ደወል ጥርት ያለ ድምፅ። ስንጥቅ የለም። ክሮስቢ ልክ ቢሆንስ?

የዚያን ጊዜውም ድምፁ ጥርት ያለ ነበር።

ጁን 3
የከተማው ስብሰባ። ሳይፈተኑ አልፈርምም አልኩ። ክሮስቢ ተነስቶ፣ ይፈተኑ፣ ሁሉም ካለፉ ግን ዮታም ሹመቱን ይመልስ፣ የሚፈራ መድፈኛ አንፈልግም አለ። ተስማማሁ። ምን ልበል?

በዚህ መሐል ኋላ ወንበር ላይ የነበረው ኦቤድ ተነሳ።

«የልጄ መድፍ ተፈትኖ ነበር?»

«አልተፈተነም፣ አቶ ኦቤድ። ይፈተን ብዬ ጠይቄ ነበር። አለቆቼ የጠላት መርከብ እየገባ ነው፣ ተኩስ አሉኝ። ተኮስኩ።»

«ጠይቀህ ነበር?»

«ጠይቄ ነበር።»

ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። ዞሮም አላየኝ።

ጁን 10
አንደኛው አለፈ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውን ራሴ አጎረስኩት፣ ቀስ ብሎ የሚነደውን ረጅም ገመድ ለኩሼ ከግንቡ ጀርባ ገባሁ። መቁጠር ጀመርኩ። አርባ ላይ ስደርስ ምድር ተናወጠች። ከዚያ ብረት እንደ በረዶ ይወርድብን ጀመር…

ጭሱ ሲገፈፍ መድፉ የለም። የጁላይ 4 ተኳሾች የሚቆሙበት ቦታ ታርሷል። ከተኳሾቹ ሁለቱ የክሮስቢ ልጆች ሊሆኑ ነበር። የክሮስቢ ፊት ዱቄት መሰለ። አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ትከሻዬን ያዝ አድርጎ ሄደ።

ሰው ቆጠርን። ደግመን ቆጠርን። አንድም ሰው አልተቧጨረም! እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ስስቅ ነበር ይሉኛል። እኔ የማለቅስ መስሎኝ ነበር።

ኦቤድ መጣ። እጁን ዘረጋልኝ።

«ተነስ። ለምን እስከዛሬ አልነገርከኝም?»

«ሰበብ የማበዛ ይመስልብኛል ብዬ ነው።»

«እኔ ደግሞ ግድ ያልሰጠህ መስሎኝ…»

አልጨረሰውም። ጎትቶ አስነሳኝ። የቀሩት አምስቱ ሁሉም አለፉ።

ጁን 11
ዛሬ ምንም አልሠራሁም። አሸዋው ላይ ተቀምጬ ባሕር ሳይ ዋልኩ።

ጁላይ 5
ትናንት ሰባት መድፍ ተኮስን። የክሮስቢ ልጆች ባሩድ ፊታቸው ላይ ለቅልቀው ሲዘሉ ዋሉ።

ዛሬ ምሳ ኦቤድ ቤት ተጠራን፣ እኔና ሁልዳ። የዓሣ ሾርባና የበቆሎ ቂጣ። ሚስቱ ስለ ሲላስ ጠየቀችኝ፣ እዚያ እያለ ምን ይመስል ነበር ብላ። ባሩድ በርሜል ላይ ተኝቶ የክፍላችን ኮሎኔል ሲቀሰቅሰው «እማዬ፣ ትንሽ ብቻ» ያለውን አወራሁላቸው። እሷ እስክታነባ ሳቀች። ኦቤድም ሳቀ። ከዚያ ስሙን ያለፍርሃት እየጠራን ሌላ ሌላውን ስናወራ ቆየን።

ልንወጣ ስንል ኦቤድ፣ ነገ ሣር አጭዳለሁ፣ አንድ ሰው ይጎድለኛል አለ።

በማለዳ እሄዳለሁ።