በድሉ የሚጠፋበት ሰዓት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3
ምሳ ላይ በሰው አገር የከፈትነው ምግብ ቤታችን ሞልቶ ባሌ በድሉ የለም። አስተናጋጇ ሒሩት ብቻዋን ስትሯሯጥ ዋለች። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ለጄኔሬተሩ ነዳጅ ልገዛ ሄጄ ነው አለ... ጀሪካኑ ግን ጓሮ ባዶውን ተቀምጧል።

ዓርብ፣ ኅዳር 6
ዛሬም መኪናውን አስነስቶ ጠፋ። ስልኩን መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ይዞ ነው የሚገባው። አጠገቤ ሆኖ ሩቅ ነው። በስልክ የሚያወራት ማን ናት? ሒሩት ትሆን? ጠየቅኳት። ሽርጧን ፈትታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ወጣች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10
በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር፣ ተከተልኩት። ጀበል የሚባለውን ገበያ አልፎ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ገባ። በሽታ ይዞት ነው? ወይስ ያስረገዛት አለች? በር ላይ ጠበቅኩት። ሲያየኝ አልደነገጠም። የደከመው ሰው ነው የመሰለኝ።
«ሴት አለችህ?»
«ሴት የለችም። የወሲብ ፊልም ነው... ልተው እላለሁ፣ አልችልም።»
መኪናውን የሆነ ጥግ አቁሞ ስልኩ ላይ ተደፍቶ እንደሚውል ነገረኝ። አላመንኩትም። ለዚህ ደግሞ ሐኪም ቤት ይኬዳል?

ሐሙስ፣ ኅዳር 12
አብሬው ገባሁ። ሐኪሟ ጀንነት ያገራችን ልጅ ናት። ሱስ ነው ማለት ማመካኛ አይደለም ወይ አልኳት፣ እሱ ፊት። አልተቆጣችም። ወሲብ ብዙ መፈለግ ብቻውን በሽታ አይደለም፣ ሰው ስላፈረበት ብቻም ሱስ አይባልም አለች።
«ስንት ጊዜ አየ ብለሽ አትቁጠሪ። ልተው ብሎ ደጋግሞ ካቃተው፣ ሥራውና ትዳሩ ሲበላሽ እያየም ካላቆመ፣ ያኔ እርዳታ ያስፈልገዋል።»
በድሉ አንገቱን ደፍቶ ነበር። እኔ ግን እስከ ቤት ድረስ... እውነት ይህ ብቻ ነው?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14
ሒሩት ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። የእሱን ጉዳይ አልነገርኳትም። «ላስብበት፣ እትዬ» አለችኝ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 20
ሒሩት ተመልሳለች። በድሉም ጀንነት ጋ መሄዱን አላቋረጠም። ዘግየት ሲል አሁንም በር በሩን አያለሁ።
ዛሬ ከሰዓት ሽንኩርት ስልጥ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ።
«ማናህሎሽ፣ ዛሬ አቃተኝ። አየሁ።»
ሳልጠይቀው ነው የነገረኝ። ተናደድኩ። መላጤን ቀጠልኩ። ግን... ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ከአፉ የወጣውን ሳልጠረጥር አመንኩት። ቢላ ሰጠሁትና ግማሹን ሽንኩርት ወደሱ ገፋሁለት።