ትንሽ ቀንሺልኝ

መሐል ሜዳ፣ እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018

አባዬ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የመስሚያ መሣሪያውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሰንበቴ ሄዱ። የጓደኞቻቸው ጨዋታ እንዳያመልጣቸው ብዬ ጠዋት ከስልኬ ላይ የመሣሪያውን ድምፅ ከፍ አድርጌላቸው ነበር። አላመለጣቸውም። ሰዎቹ እንደ ወትሮው አይሰሙም ብለው፣ እዚያው አጠገባቸው ተቀምጠው፣ ከእንግዲህ በእሳቸው ፋንታ ሰንበቴውን ማን ይምራ ሲባባሉ ዋሉ። አንዱማ፣ “እሳቸው እንደሆነ አልቆላቸዋል” አለ አሉ። ሁሉንም የነገሩኝ ጋቢያቸውን እንኳ ሳያወልቁ ነው።

“እስቲ ትንሽ ቀንሺልኝ” አሉኝ።

ቀነስኩ። ሌላ ምን ላድርግ?

“አሁንስ፣ አባዬ?”

“ይበልጥ ቀንሺው።”

ይበልጥ ቀነስኩ። ከዚህ በታች አይወርድም፤ እኔ ራሴ ስጠራቸው እንኳ መስማት ትተዋል። ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ፣ “አሁንም እሰማቸዋለሁ” ይላሉ።