የግራ እጅ ሰላምታ

ይድረስ ለወንድሜ፤

ቂሜን ከማስቀደም ጤናህን ላስቀድም። ጉልበትህ እንዴት ነው? ሚልዋኪ ላይ ያ የሐይቁ ነፋስ ሲጀምር ግራው እንደሚያስነክስህ አውቃለሁ። ሚስትህስ ደህና ናት? የክርስትና ልጄን ሳምልኝ፤ የእኔና የአንተ ጣጣ እሷን አይመለከታትም። እኔ ደህና ነኝ፤ ባለቤቴ ማርሊስም ደህና ናት። የኦማሃ ሥጋ ትንሽ አወፍሮኛል። ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ቢመስልህ አትሳቅ፤ ማርሊስ እኔ ልጻፍልህ ብላኝ ነበር፣ እምቢ አልኳት።

እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ቃል አጥቼ አይደለም። ከእናንተ ጋር የምንጋጠምበት እሑድ እስኪደርስ እየጠበቅኩ ነበር። እሑድ ደረሰ፣ አለፈም። ከጨዋታው በኋላ እንዴት እንዳወቅንባችሁ ጠይቀኸኝ ዝም ያልኩህን አሁን ልመልስልህ።

አሥራ አንድ ዓመት በአሜሪካን ፉትቦል ሜዳ ላይ አንተ አጎንብሰህ ኳሷን በእግሮችህ መሃል ወደ ኋላ ሰጠኸኝ፤ እኔ ኳርተርባኩ ከኋላህ ቆሜ ተቀብዬህ ወረወርኩ። ማርሊስ፣ "የእኔን ፊት ካየኸው የእሱን መቀመጫ ያየኸው ይበልጣል" እያለች ትስቅብን እንደነበር ታስታውሳለህ። እውነቷን ነው።

አብረን በተጫወትንበት በመጨረሻው የበረዶ ወራት ቀኝ ትከሻዬ ሲከዳኝ ያወቅከው አንተ ብቻ ነበርክ። ሰው ሁሉ ከመልበሻ ክፍሉ እስኪወጣ እንጠብቅና ሸሚዜን ትቆልፍልኝ ነበር። ለሐኪሙ አልነገርኩም፤ ለማርሊስም ቢሆን አልነገርኩም። አንድ ቀን አንገትጌዬን እያስተካከልክ፣ "አሁንስ ተወው፤ ልጅ የምታቅፍበት ክንድ ይትረፍህ" አልከኝ። ሳቅኩብህ።

በሚያዝያ አሰልጣኝ ክሩገር ቢሮው አስጠራኝ። ቡድኑ ያን ሰሞን አገር ያበደለትን የኮሌጅ ኮከብ፣ ያን የሉዊዚያናውን ኮልቢ ራንኪንን፣ በእኔ ቦታ ሊያጫውተው መርጦት ነበር። ክሩገር ተቀመጥ እንኳ ሳይለኝ፣ "ትከሻህን ሰምቻለሁ" አለኝ። ከማን ሰማህ ብዬ አልጠየቅኩትም። በዓለም ላይ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ቤቴ ገብቼ ስልክህን ጠበቅኩ፤ አልደወልክም። ኮልቢ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ለጋዜጠኞች፣ ሽማግሌውን አከብረዋለሁ፣ ቁም ሣጥኑን ቶሎ ቢለቅልኝ ደግሞ ይበልጥ አከብረዋለሁ አለ። ከጎኑ ቆመህ ስትስቅ በቴሌቪዥን አየሁህ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ ወንድሜ።

የኦማሃ ቡድኖች ኳርተርባካቸው እግሩ ተሰብሮ ሰው አጥተው ነበርና ብዙ ሳያገላብጡ ወሰዱኝ። ክሩገርም ሞኝ አይደለም፤ እኔ ከሄድኩ በኋላ የጨዋታ ቃላቱን ሁሉ፣ የእጅ ምልክቱን ሁሉ ለወጠ። አንገትህን ግን አልለወጠም።

ሰው አገር ሄዳችሁ ተመልካቹ ሲጮህ የኳርተርባኩ ድምፅ ስለማይሰማ፣ ኳሷን የምትለቀው አንገትህን ነቅንቀህ ነው። ኳሷ ሳትለቀቅ መነሳት የማይፈቀድለት ተከላካይ እንዳይለምድህ አንዳንዴ እንደነቀነቅክ ወዲያው ትለቃለህ፣ አንዳንዴ ትንሽ ትቆያለህ። አንተ ግን አንዱን ሁለት ጊዜ ደግመህ አታውቅም። ከቸኮልክ ቀጥሎ ትዘገያለህ፤ ከዘገየህ ቀጥሎ ትቸኩላለህ። ማደናገር ማለት ላንተ ይኸው ነው። ይህን አብረን በተጫወትን በሁለተኛው ዓመት ደርሼበታለሁ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ዳሌህን በጣቴ ነካ እያደረግኩ ተራህን ሳዛባልህ ኖርኩ። ለምን እንደምነካህ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅከኝም።

ቅዳሜ ለኦቲስ ፔቲግሩ ነገርኩት። ኦቲስ ያ ፊት ለፊትህ የነበረው የእኛ ተከላካይ፣ በር የሚያህለው ሰውዬ ነው። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ "ይሄ ሰውዬ ጓደኛህ አልነበረም እንዴ?" አለኝ።

"ነበረ" አልኩት።

እሑድ ሕዝቡ ጮክ ብሎ እንዲጮህ ፎጣ እያውለበለብኩ የለመንኩት እኔ ነኝ። የቀረውን ታውቀዋለህ። ኳሷ ከእጅህ ስትወጣ ኦቲስ እኩል አብሯት ይነሳል። ያ የኮሌጅ ንጉሥ በጀርባው ተንጋሎ ሰማይ ሲያይ ዋለ። ከአፉ ሣር ሲተፋ አየሁት፤ ምን አስዋሸኝ፣ ጣፈጠኝ። ክሩገር አንተን በሰው ፊት ሲያዋርድህ ደግሞ ይበልጥ ጣፈጠኝ። ማክሰኞ አንተን ከቡድኑ ማሰናበቱን ስንሰማ ማርሊስ አለቀሰችልህ። እኔ እራቴን ምንም ሳላስተርፍ በላሁ።

ሰው ሁሉ ያሸነፍናችሁ በእኔ ክንድ ይመስለዋል። ጋዜጣው፣ ሽማግሌው በስሏል፣ ረጅሙን መወርወር ትቶ አጭር አጭሩን ያቀብላል፣ ጥበብ ማለት ይህ ነው ብሎ አሞግሶኛል። ቆርጬ አስቀምጬዋለሁ።

መሃል ሜዳ መጥተህ ቀኝህን ስትዘረጋልኝ ግራዬን ሰጠሁህ። ካሜራው ሁሉ ቀረጸው። የአሥራ አንድ ዓመት ወዳጁን በግራ እጁ ሰላም ያለ ባለጌ ብለው ጻፉብኝ፤ አላስተባበልኩም። አንተ ግን አልተቆጣህም። ከጎኔ የተንጠለጠለውን ቀኝ እጄን አየኸው። ልትለኝ የፈለግከውን ዋጥ አድርገህ፣ እንዴት አወቃችሁብን የምትለዋን ጥያቄ አመጣህ። ያቺ አስተያየትህ ከስድብም በላይ አናደደችኝ። ይኸው ዛሬም እንዳናደደችኝ ነው።

አሁን ተካክለናል። አንተ የእኔን ምሥጢር ሰጠህ፣ እኔ ያንተን ሰጠሁ። ለእኔ ብለህ እንዳደረግከው ልትነግረኝ እንዳትሞክር፤ ለእኔ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ለእኔ ይነግራል። ነግሬህ ስቀህብኝ ነበር ትለኛለህ፤ እሱንም አውቃለሁ። ማርሊስ አሁን ጠዋት ጠዋት ሸሚዜን ትቆልፍልኛለች። እጇ ፈጣን ነው፣ አንገትጌውን ግን እንደ አንተ አታስተካክለውም።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይሉ የለ፤ ምርቃቴ ይድረስ አይድረስ እንጃ። ቢሆንም ጉልበትህን ያጽናልህ። ልጅህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። የሚቀጥርህ ቡድን አያሳጣህ፤ ብቻ ከእኛ ጋር የሚጋጠም አይሁን።

ጋዜጠኛ ደውሎ ለምን ግራውን ሰጠህ ቢልህ፣ ንቆኝ ነው በለው። ይህችን የቀኜን ነገር እንኳ ለማንም አትንገርብኝ። እሑድ ጨዋታ አለኝ።

ከኋላህ ቆሞ የኖረው
ወንድምህ