ለሐኪሙ የነገርኸው

ሞላዬ፣ ዓለሜ፤

የልብ ሕመም ነጥቆ ከወሰደህ ሁለት ክረምት አለፈ። እኛ ደህና ነን። ልጅህ ትዕግስት አግብታ ማክሰኝት ገብታለች፤ ጣሪያውም ታድሷል። ማኪናህን ሸጥናት። አትቆጣ፤ ግቢው ውስጥ ቆማ ማየቱን አልቻልሁም።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን አንድ ነገር ከንክኖኝ ነው። ያ ያከመህ የአእምሮ ሐኪም በቀደም ቤት ድረስ መጣ። ከየአገሩ የመጡ የሥነ ልቦና ሐኪሞች ጎንደር ላይ ጉባኤ ሊቀመጡ ነው፤ ሐሳብንና ልማድን በመለወጥ ስለሚሰጥ ሕክምና ሊመካከሩ። እሱም ያንተን ታሪክ፣ ስምህን ሳይጠራ፣ ሊነግራቸው ፈቃዴን ጠየቀኝ።

ታውቀኝ የለ? ወዲያው ጠረጠርሁ። የአይከል መንገድ ላይ ከነማኪናህ ከተገለበጥህ ወዲህ መሪ መጨበጥ አቅቶህ እሱ ዘንድ ስትመላለስ፣ እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ በሩ ይዘጋብኝ ነበር። ዓይንህ ቀልቶ ስትወጣ «ምን አወራችሁ?» ስልህ፣ «እንዲሁ ነው» ትለኛለህ። ለእኔ የደበቅኸውን ለእሱ እንደምትነግረው ያኔም አላጣሁትም።

«ስለ እኔ ምን ብሎሃል?» አልሁት።

«እትዬ፣ እዚያ ክፍል የተባለውን ለማንም አልናገርም። ለእርስዎም ቢሆን።»

«ታዲያ ምነው ለፈረንጅ ልትናገረው?»

«እርስዎ በዓይንዎ ያዩትን ብቻ ነው የምናገረው። ካላመኑኝ መጥተው ይስሙ።»

አላመንሁትም፤ ሄድሁ። አዳራሹ ውስጥ ትዕግስትን አጠገቤ አስቀምጬ፣ «አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ፣ ተርጉሚልኝ» አልኋት።

ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ስለ አንድ ሾፌር ተናገረ። በመጀመሪያ በቆመ ማኪና ውስጥ ብቻ እንደተቀመጠ፤ ቀጥሎ ሞተር እንዳስነሳ፤ ከዚያ ሚስቱን አጠገቡ አድርጎ እስከ ወለቃ፣ እያደር ደግሞ ብቻውን እስከ አይከል እንደነዳ። «ፍርሃቱ እስኪለቀው አልጠበቅንም፤ እየፈራ ነው የነዳው» አለ። ትዕግስት ይህን ሁለት ጊዜ ደጋግማ ተረጎመችልኝ። እኔ ግን አሁን ያመልጠዋል፣ አሁን ይናገራል እያልሁ ጆሮዬን ቀስሬ ነበር።

አንዲት ፈረንጅ ተነስታ፣ ያ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ምን እንደነበር ጠየቀችው። እሱም፣ «ይህን ሊናገር የሚችለው እሱ ብቻ ነበር፤ አሁን በሕይወት የለም» ብሎ ተቀመጠ።

ሞላዬ፣ መቼም እንደማላውቀው ያኔ ገባኝ። ተናደድሁብህ። ምስጢርህን ለሚጠብቅ ሰው መስጠትህን ሳይ ደግሞ ሆዴ ራራ። ጥርጣሬው ለቀቀኝ ብዬ ግን አልዋሽህም፤ ወጥ እያማሰልሁ እንኳ «ምነው ለእኔ?» እላለሁ፤ ብቻዬን።

ያላወቅሁልህ ቢኖርም ያወቅሁህን አልረሳም። ብቻህን አይከል ደርሰህ የተመለስህ ዕለት፣ እንደ ሙሽራ ክላክስ እያስጮህህ ሰፈሩን ሁሉ ከቤት አስወጥተህ፣ «ውጪ እንጂ፣ መጣሁልሽ!» አልኸኝ። እስትንፋሴ እስካለች ድረስ ክላክስ በሰማሁ ቁጥር ወደ በሩ ዞር እላለሁ።

ሚስትህ እናኑ