የባባ ጆሮ

ሐምሌ 5
ማዳም ከዱባይ አጅማን ከተማ፣ እህቷ ጋ ሄዳለች። ልብስ ተኮስኩ፣ መስኮት ወለወልኩ፣ ከዚያ የባሏ የባባ ክፍል። የእሱ ሹግል፣ ሥራው ማለቴ፣ መቼም አያልቅ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የጆሮ ማዳመጫ በገዛ እጄ ካልሠራሁ ብሏል። ገዝቶ የሰበሰባቸው አምስት ደግሞ መደርደሪያ ላይ ተሰድረዋል። እንደ ስልክ ማዳመጫ አይደሉም! ውስጣቸው ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፕላስቲክ ተወጥሯል፤ ድምፁ የሚወጣው እሱ በኤሌክትሪክ ሲርገበገብ ነው። የባባ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ስለዚህ አዲሱን የምወጥረው እኔ። በማዳም ፀጉር ማድረቂያ እያሞቅሁ... ብታውቅ ትገድለኛለች።

"ስሚው" አለኝ። ግራው ሽ... ይላል። ነገርኩት።
"ምንም የለም! ጆሮሽን ታጠቢ!"
እሺ ባባ። ታጠብኩ።

ሐምሌ 9
ከሻርጃ የሚመጣው ህንዳዊ ጓደኛው ገና ጆሮው ላይ እንዳደረገው "ግራው ሽ ይላል" አለ። የባባ ፊት ቲማቲም መሰለ። ሻይ ይዤ ቆሜ ሳቄን አፈንኩት።
ባባ ቀጭን ድምፅ አይሰማም ማለት ነው? ከዛሬ ጀምሮ የምሰማለት እኔ ነኝ።

ሐምሌ 11
እህቴ እታገኘሁ ከአገር ቤት ድምፅ ላከችልኝ። "እህቴ፣ የአባዬ ሙት ዓመት ነሐሴ 24 ነው። ለቀብሩ አልደረስሽም፣ ለዚህስ?"
ባባን ለመንኩት። ፓስፖርቴ እሱ ጋ ነው።
"አዲሱ ጸጥ ባለ ቀን ትሄጃለሽ። ዋላሂ!"

ሐምሌ 26
አራት ጊዜ ፈታነው። አንዴ አቧራ፣ አንዴ የድመቷ ፀጉር። "ምንም አይሰማም" ብዬ ልገላገል? ህንዳዊው ቢያጋልጠኝስ...

ነሐሴ 12
ጸጥ አለ! ዘፋኟ ትንፋሽ ስትስብ እንኳ ይሰማል። የኔ እጅ ነው ይህን የሠራው፣ የዝናሽ! እንባዬ መጣ። ህንዳዊው ሰምቶ አጨበጨበ። ለባባ።

ነሐሴ 13
ትኬቴን ጠየቅኩ።
"እንዲህ ያለ ጆሮ ይዘሽ የት ትሄጃለሽ? ገና ብዙ እንሠራለን። አባትሽ እንደሆነ ሞቷል፣ አይጠብቅሽም።"
ሳቀ። ማዳምም ሳቀች።
አይጠብቅሽም... እሺ።

ነሐሴ 15
ህንዳዊው ለእረፍት አገሩ ገብቷል። ማን ይመሰክርብኛል? ያላ ዝናሽ!
ባባ ከመደርደሪያው አንዱን አውርዶ ሲያዳምጥ ገባሁ። ተቀብዬ ሰማሁ፣ ፊቴን ቅጭም አደረግሁ። "ባባ፣ ይሄ ሽ ይላል እኮ።"
ምንም አይልም! ንጹህ ነው።
ክው አለ። እኔ ልፍታው ስለው "የድሮ ነው፣ እንዳትነኪ" ብሎ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጁ ፈታው። ፕላስቲኩን ቀደደው። ወይኔ ባባ፣ አልኩ። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ነሐሴ 20
አራተኛውም ሄደ። አሁንማ ራሱ እየጠራ ያሰማኛል። እራትም መብላት ትቷል። ይበለው።

ነሐሴ 24
የአባዬ ሙት ዓመት። እታገኘሁ የድንኳኑን ፎቶ ላከች። ሰው ሞልቷል። እኔ እዚህ ዱባይ፣ ሚርዲፍ ሰፈር፣ የማዳምን ሩዝ እያጠብኩ።
አምስተኛው ትናንት አልቆለታል። ከሰዓት በኋላ እኔ የሠራሁትን ይዞ መጣ። "ይሄስ?" አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። አደረግሁት። ያቺው ዘፋኝ፣ ያው ትንፋሽ... በእጄ የሠራሁት ነው፣ አሳሳኝ። አባዬ ትዝ አለኝ።
"ሽ ይላል" አልኩት።

ጳጉሜን 2
ኸላስ፣ አለቀ። የእኔንም ቀደደው። መደርደሪያው ላይ የተቦጫጨቀ ፕላስቲክ ብቻ። "በቃኝ፣ ሁለተኛ አልሠራም! ከእንግዲህ ምን ትሠሪልኛለሽ?" ብሎ ቪዛዬን አሰርዞ ፓስፖርቴን ወረወረልኝ። በረራው ነገ ጠዋት። ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ።
ሻንጣዬን ዘግቼ ልሰናበተው ገባሁ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። ባዶውን ማዳመጫ አቅፎ።
በሩ ላይ ቆሜ፣ ድምፄን አቅጥኜ፣ "ባባ፣ አንዳቸውም ሽ አይሉም ነበር" አልኩት።
ዞር አላለም። አልደገምኩለትም።